ያለ ጥፍር የተለቀሰ ለቅሶ

ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ መስከረም 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለታላቅ እኅቴ ለእታለም እህተ ማርያም
ቡሬ

እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ በዝናቡ አልባሰብዎትም? እኔም አባወራዬ ይርሳውም ከብቶቹም አለን። አባታችን ሁለታችንን ፊደል ባያስቆጥሩን ይህን ሁሉ በሰው አፍ ልልክብዎ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። እጄ ስለሚዘገይ አንዱን ደብዳቤ ለመጨረስ ብዙ ቀን ይፈጅብኛል፤ ሲያነቡት ታገሡኝ።

ለለቅሶው ባለመድረስዎ ይቅርታ መጠየቅዎ አሳፈረኝ። በሐምሌ ጭቃ ከቡሬ እስከዚህ ማን ይመጣል? ልጄን ተስፋውን ላህ ወንዝ የወሰደው እኮ ያው ክረምት ነው። ለእሱ ያልራራ ለእርስዎ መንገድ ሊራራ ኖሯል?

ልጄ ተናኜ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በኢሳ የእህል መኪና ትደርስልዎታለች። ምን ሆና ነው ብለው ላስጠየቁኝ፣ ምንም አልሆነች። አየር ብትለውጥ ይሻላታል ብለን ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከቤት ተቀምጣ ግድግዳ ማየት አይጠቅማትም።

ፊቷንና ክንዷን ሲያዩ እንዳይደነግጡ። ወንድሟን ያለቀሰችበት ነው። በቀብሩ ቀን ከዘመድ ሁሉ እንደ እሷ ፊቱን የነጨ አልነበረም። ሙሾ አውራጇ ወለተ ኢየሱስ እንኳ ሥራዋን አቁማ «እኅት ማለት ይች ናት!» ብላ ግጥም አወጣችላት። ሰው ሁሉ «እንዴት ብትወደው ነው!» አለ። እኔም በዚያ ሐዘን መካከል ኮራሁ ልበልዎት? ኮራሁ። ስለዚህ አይቆጧት፤ ሲደርቅ ይለቃታል።

ስለ እኛ ቤት ከመንገደኛ አንድ ነገር ቢሰሙ የሰው ወሬ ነው። ራዲያን ሰላም በሉልኝ።

እኅትዎ ባንቺአየሁ


ቡሬ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1957 ዓ.ም.

ባንቺ፣ የእናቴ ልጅ፣

ልጅሽ ከነጓዟ በሰላም ገብታለች። የኢሳ ሚስት ራዲያ ከመኪናው ስትወርድ አይታ «ይችን ልጅ ነፋስ እንዳይወስዳት ኪሷ ውስጥ ድንጋይ ክተቱላት» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የምታበላት እሷ ናት። ራዲያን ታውቂያታለሽ፤ አጥራችን አንድ፣ የሁለታችንም የእህል ሱቅ ጎን ለጎን ነው። ሥጋችን ቢለያይ ሽሯችን አይለያይም እያለች ሰሃኑን በአጥሩ ላይ ታሻግራለች።

ተናኜ ትሠራለች፣ ትታዘዛለች፣ ሲጠሯት አቤት ትላለች። ደግ ልጅ ወልደሻል። አሁን ግን የምጽፍልሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የፊቷ ደርቋል። የክንዷ ግን አዲስ ነው። ቡሬ ከመጣች ወዲህ ለቅሶ ቤት አልሄድንም። ባንቺ፣ እዚህ ማን ሞተ?

አልተቆጣኋትም። እንዳታፍርብኝ ብዬ ለጊዜው እንዳላየ ሆኜ፣ ቁስሉን ግን አጥቤ አሥሬላታለሁ። የምጠይቅሽን በሌላ ወረቀት ለብቻው ጽፌዋለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ከእሳት ጣይው። መልሱን ግን አታስቀሪብኝ።

እታለምሽ


ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ ኅዳር 26 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእታለም እህተ ማርያም፣

መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። እውነቱን ለመናገር ተቆጥቼ ነበር። ልጄን እብድ ሊያደርጉብኝ ነው ብዬ ጤፉ ታጭዶ እስኪከመር ድረስ ብዕር አላነሣሁም። ወረቀትዎን እንዳሉኝ አቃጥዬዋለሁ፤ የጠየቁኝ ነገር ግን አልተቃጠለልኝም። በተራ እመልስልዎታለሁ።

ለመጀመሪያው፣ አላለቀሰችም። እርስዎ እስኪጠይቁኝ ድረስ ልብ አላልኩትም። ሴቱ ሁሉ እንባውን ሲያፈስ የእሷ ዓይን ደረቅ ነበር። የሚያለቅሰው እጇ ብቻ ነበር።

ለሁለተኛው፣ አዎ። ስጠራት የማትሰማበት ጊዜ አለ። ያ የሰው ወሬ ነው ያልኩዎት እውነት ነበር። በጳጉሜ ከብት ልትከለክል ወጥታ ላሞቹ ጤፉን ግራና ቀኝዋ ሲግጡ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ ክፍት ነው። ስሟን ብጠራ፣ ትከሻዋን ብይዛት የለችም። በኋላ የት ነበርሽ ብላት «እኔ እንጃ እማየ፣ ከራሴ ጋር አልነበርኩም» አለችኝ። እኔ የሰነፍ ምክንያት መስሎኝ አላመንኋትም።

ለሦስተኛው፣ ቁስሉ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው ወይ ላሉኝ፣ አዎ፣ ሁልጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። በጤፉ ማሳ ማግስትም እጅጌዋን አውርዳ ነበር የዋለችው። እኔ ለየብቻ ሳውቃቸው ኖሬ፣ አንድ ላይ የገጠሙልኝ እርስዎ ስለጠየቁኝ ነው።

ለአራተኛው፣ ወንዙ ሲወስደው አብራው ነበረች። እጇን ይዞ አሻገራት። ከዚያ ለአህያዋ ተመለሰ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ጠበል አይሻላትም ወይ? በጥምቀት ይውሰዱልኝ። ደግሞ እርስዎ ከፈቀዱ እኔ ልምጣ። ይርሳው «ሴት ልጅ ስትጨነቅ እናቷ ትሂድላት» ብሎ በቅሎዋን ሁለት ጊዜ ጭኖ ሁለት ጊዜ አራግፏታል። በቅሎዋም ግራ ገብቷታል።

እኅትዎ ባንቺአየሁ


ቡሬ፣ ጥር 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ባንቺ ዓለሜ፣

በቅሎዋን ልቀቋት፣ ሣሯን ትብላ። ገና አትምጪ። ልጅሽ ፊትሽን ስታይ ልታጽናናሽ ትነሣለች፤ አሁን ሌላ ሰው መሸከም የለባትም።

ስለ ጠበሉ ደስ ይበልሽ። በጥምቀት ማለዳ ወሰድኋት። ውሃው እንደ በረዶ ነበር። ቄሱ ሲረጯት «ውይ!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ በጮኸችው ራሷ ሳቀች። አንዷ ሴት ከኋላችን «ታሥራ ትጠመቅ» ስትል ቄሱ ሰሟትና «በእግሯ መጥታ ምኗን አሥራለሁ? ይልቅ አንቺ ቅረቢ፣ ምላስሽ ጠበል ይፈልጋል» አሏት። ከጥምቀቱ በፊት ክሊኒክም አድርሻታለሁ። ቁስሏን ያሠረላት ሰውዬ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ አትቆጧት፣ ብቻዋንም አትተዋት፣ በየጊዜው አምጡልኝ አለኝ። እንዳለው እያደረግሁ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ባቄላ ስንለቅም ነው፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሣ የነገረችኝ።

«አክስቴ፣ ሰው ወንድሟን ወዳ ነው ይላል። እኔ ግን ያን ጊዜ ወንድም እንደነበረኝም አላውቅ። ሁሉ ነገር ይርቅብኛል። ከጣራው ሥር ሆኜ ቁልቁል አንዲት ልጅ ተቀምጣ አያለሁ። እጇ የሰው እጅ ነው። ሲያማት ነው እኔ መሆኔን የማውቅ።»

ፊት ለፊት ጠየቅኋት። «መሞት ትፈልጊያለሽ?»

«አይ አክስቴ! መመለስ ነው የምፈልግ። ሌላ መንገድ አላውቅማ።»

ሰማሽ ባንቺ? እኛ የወንድም ፍቅር ብለን ግጥም ያወጣንለት ነገር፣ ልጅቱ ወደ ራሷ የምትገባበት በር ጠፍቷት ነው። በቁስሉ በኩል እንድትገባ ያበረታናት ደግሞ እኛ ነን።

ይህን በአጥሩ በኩል ለራዲያ ነገርኋት፤ ተናኜ ራሷ ንገሪያት ብላኝ ነው። ራዲያ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? እዚህ የእህል ነጋዴ እጁን በጆንያው ውስጥ እስከ ክንዱ ከትቶ ነው እህል የሚያውቀው፤ ላይ ላዩን ገበሬው አሳምሮታላ። ልጅቱ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ሲቀር ባየች ቁጥር ራዲያ ትጠራትና «ነይ፣ ጨፍኚ፣ ክተቺ፣ ምንድን ነው?» ትላታለች። ጤፉ ይቀዘቅዛል፣ በቆሎው ይቆረቁራል፣ ኑጉ ያንሸራትታል። እጇ ሲያውቅ እሷም ትመጣለች፤ ሳያማት። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ትመጣለች። በመጀመሪያው ቀን ጎመን ዘሩን ዳጉሳ ነው ስትል ራዲያ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ጎመን ዘርና ዳጉሳ ካልለየሽ ነገ ባልሽን ከወንድሙ በምን ልትለዪው ነው!» ልጅሽ እስክትንቀጠቀጥ ሳቀች። የሳቋን ድምፅ በደንብ የሰማሁት እዚያ ነው፤ ያንቺን ይመስላል።

እታለምሽ


ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ መጋቢት 5 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእታለም እህተ ማርያም፣

ሳቋ የኔን ይመስላል ያሉትን ደጋግሜ አነበብሁት። እኔ ሳቄ ምን ዓይነት እንደነበረ ረስቼ ነበር።

እርስዎ የጻፉትን ካነበብሁ በኋላ ሰው በሌለበት ጎተራ ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ከእህሉ ከተትሁ። ልጄ የምትሰማውን ልስማ ብዬ ነው። ይርሳው ከኋላዬ መጥቶ ኖሯል።

«ምን ጠፋብሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሁሉን ነገርሁት። እስካሁን ግማሹን ብቻ ነበር የማነብለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ዓይኑን ጨፍኖ እሱም እጁን ከተተ። «ስንዴ» አለ በኩራት። ገብስ ነበር! «አንተ ገበሬው! ዕድሜ ልክህን ያረስኸውን!» ብዬ ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ፤ ከሐምሌ ወዲህ በዚህ ቤት የተሳቀ የመጀመሪያው ነው። ጎረቤት የሰማን መስሎን በጾም በሐዘን እንደ ሌባ አፋችንን ያዝን። ከዚያ ይርሳው እጁን ከገብሱ ሳያወጣ «ልጄን ፊቷን ስትነጭ ሳመሰግናት ነበር እኮ» አለኝ።

የልጁ ሙት ዓመት በሐምሌ ነው። ጠላው ይጠመቃል፣ ቄሶቹ ይጠራሉ። ይርሳው እኅቱ ካልመጣች አገር ምን ይለናል ይላል። እኔ አገርን ትቼዋለሁ፤ የምፈልጋት ለራሴ ነው። ነገር ግን ማን ማን ያለቅሳል፣ እንዴትስ ያለቅሳል ብዬ ሳስብ እፈራለሁ። ወለተ ኢየሱስ ከወዲሁ ግጥም እያዘጋጀች ነው፤ ሴቱም ጥፍሩን ይዞ ይመጣል። ልጄን ካስቀረሁ ወንድሟን እነሣታለሁ። ካመጣሁ ደግሞ በዚያ መካከል ሄዳ ብትቀርብኝስ? ሁለት ልጅ ነበረኝ፤ ሁለተኛዋን በራሴ ድግስ አላጣም። እሷ ምን ትላለች?

እኅትዎ ባንቺአየሁ


ቡሬ፣ ግንቦት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.

ባንቺ፣

ፋሲካ እንዴት ነበር? እኛ ዘንድ ራዲያ ለልጅሽ የዓመት በዓል ጥለት ያለው ቀሚስ አሰፋችላት። ረዝሞባት ስትደናቀፍ ዋለች፤ ራዲያ ግን አልረዘመም ብላ ድርቅ አለች።

አንድ ክፉ ወሬ አለኝ፤ አልደብቅሽም። ከፋሲካ በኋላ በሰፈራችን ሰው ሞቶ ጩኸቱን ከመንገድ ሰማን። ያን ቀን ከራሷ ሄደች፤ ክንዷም ተጎዳ። አሁን ደግሞ ደጉን ስሚ። ድሮ እጅጌዋን አውርዳ ትደብቀኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን ራሷ መጥታ «አክስቴ፣ ሄጄ ነበር፤ አሁንም ልሄድ ነው መሰለኝ፣ ያዥኝ» አለችኝ። ያዝኋት። ክሊኒክም አብረን ሄድን። ከዚያ ወዲህ ሲመጣባት ገና ሩቅ ሳለ ታውቀዋለች፤ ለእኔ ወይ ለራዲያ ትናገራለች። ጨርሶ ተወኝ አትልም፤ እኔም አልልሽም።

በገበያ ስሟ ወጥቷል። አንድ ሰውዬ ከላይ የደረቀ፣ ከሥር ውሃ የነካው በቆሎ ይዞ መጣ። ተናኜ እጇን ከተተችና «አባባ፣ ይሄ በቆሎ እግሩን ዝናብ መትቶታል» አለችው። ሰውየው ተናዶ «አንቺ ማነሽ?» ቢላት «እኔ ተናኜ ነኝ፣ የይርሳው ልጅ!» አለች፣ ገበያው ሁሉ እስኪዞር። ባንቺ፣ እኔ ከደስታዬ ሚዛኑን ለቀቅሁት። ስሟን እንዲያ ስታወጣው ሰምቼ አላውቅም።

ምን ትላለች ላልሽኝ፣ ትመጣለች። ወንዙን ትፈሪያለሽ ወይ ብላት «አክስቴ፣ የምፈራው ውዳሴውን ነው» አለችኝ። «እኅት ማለት ይች ናት ሲሉኝ እጄ ብቻውን ይነሣል።» ያንን ማስቀረት የምትችይ አንቺ ነሽ፤ ለወለተ ኢየሱስም ነገሬን ንገሪያት ብላለች። ከቻልሽ ቃል ላኪብኝ። ካልቻልሽም ላኪብኝ፣ አታፍሪ፤ ሌላ ዓመት አለ።

ጉልበቴ እኔን አያመጣኝም። ራዲያ ግን ማን ይከለክለኛል እያለች ነው።

እታለምሽ


ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ ሰኔ 27 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእታለም እህተ ማርያም፣

ትምጣ!

መጀመሪያ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ ሕይወት ዘንድ ሄድሁ። ፊት መንጨት ይቅርልኝ ብላቸው «ስንት ዓመት በዓውደ ምሕረት ስጮኽ የሰማኝ አንድ ሰው ተገኘ!» ብለው ተነሥተው ባረኩኝ። እሑድ ዕለት ለምእመኑ እንደገና ተናገሩልኝ። ሴቱ እንደተለመደው አሜን ብሎ እንደተለመደው ሊያደርግ ወጣ። ስለዚህ ወለተ ኢየሱስ ቤት ራሴ መሄድ ግድ ሆነብኝ።

«ያለ መንጨት ምን ለቅሶ ይሆናል?» አለችኝ። «ሠርግ አደረግሽው እንዴ ባንቺአየሁ? ከበሮም ላምጣ?»

«ግጥምሽን አልከለከልሁም። ጥፍርሽን ነው።»

«ሰው ልጅሽን አልወደዱትም ቢልሽስ?»

ያን ጊዜ የልጄን ነገር ነገርኋት። ተናኜ ንገሪያት ብላኝ በእርስዎ ደብዳቤ ስለፈቀደችልኝ ነው። «ያን ግጥም ያወጣሁላት እኔ ነኝ» አለች።

«ሁላችንም ነን» አልኋት።

«እሺ፤ ሴቱን ግን በቃል አታቆሚውም። እጅ ልማዱን ነው የሚያደርግ። እጁን ሥራ ስጭው።» ብዙ አሰበችና «እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቀመጡ። እኔ ራሴ መሐል ገብቼ አያይዛቸዋለሁ። የለቀቀች ሴት ከእኔ ሙሾ አታገኝም፣ ስትሞትም አላለቅስላት!» አለች። እንዲህ ያለ ዛቻ በእኛ አገር ማን ይደፍራል? ወሬው ከእኔ ቀድሞ መንደሩን ዞረው።

ልጄን ይላኩልኝ። ራዲያንም ከእሷ ጋር።

እኅትዎ ባንቺአየሁ


ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1957 ዓ.ም.

እታለም፣

ጤናዎን ሳልጠይቅ ብጀምር አይቀየሙኝ። አለቀሰች! ልጄ ተናኜ አለቀሰች!

ሴቱ ከድንኳኑ ሥር ሰፊ ክብ ሠርቶ እጅ ለእጅ ተያይዞ ተቀመጠ። ያልለመዱት ነገር ስለሆነ መጀመሪያ እንደ ሕፃናት ተሳሳቁ። ራዲያ ወለተ ኢየሱስን ይዛ ነበር። ወለተ ኢየሱስ ግጥም ስትጀምር እጇ ወደ ፊቷ ሊነሣ ሲል ራዲያ ጎተተቻት፣ ስትደግም ጎተተቻት። በመጨረሻ «አንቺ ሴትዮ፣ ክንዴን ልትነቅይው ነው?» ብትላት ራዲያ «ሕጉ ያንቺ ነው እንጂ የኔ አይደል!» አለቻት። በሙት ዓመት የሚሳቅ አይመስለኝም ነበር።

እኔ ልጄን በቀኜ ይዣለሁ። የተስፋው ስም ሲነሣ እጇ በእጄ ውስጥ ለዘብ አለ፣ ቀዘቀዘ። ዓይኗን ሳይ የለችም። በራዲያ እንደላኩብኝ አልጮኽሁም፣ አላናወጥኋትም። አጠገቧ ሆኜ «ተናኜ፣ እናትሽ ነኝ። የያዝሁሽ እኔ ነኝ። ከታችሽ ሣር አለ፣ ዝናብ ረግጦታል፣ ይሸታል» አልኋት። ደጋገምሁት። እጇ ትንሽ ቆይቶ እጄን ጨመቀኝ። ከዚያ «ተስፋው» አለች፤ ቀስ ብላ፣ እንደሚጠሩት ሰው። አፏ ተጣመመና እንደ ሕፃን ልጅ እሪ ብላ አለቀሰች። እንባዋ ቀሚሷን አራሰው። እጇ ከእጄ አልወጣም።

ማንም «እኅት ማለት» አላለም። ወለተ ኢየሱስ ግጥሟን አቁማ አብራት አለቀሰች፣ እንዲያው እንደ ሰው።

እኔም አለቀስሁ። ዓመቱን ሙሉ ለሴቷ ስፈራ ለወንዱ አላለቀስሁለትም ነበር። ልጄን ተስፋውን አሁን አለቀስሁት፤ ጥሩ ልጅ ነበር። ይርሳው ከወንዶቹ መካከል ተነሥቶ መጥቶ ከሁለታችን መካከል ተቀመጠ። ወንድ ከሴት ክብ ምን ይሠራል ያለው የለም።

ከለቅሶው በኋላ ልጄ እንዴት እንደበላች ባዩ! ራዲያ የጾም ወጡን ለብቻ ስላዘጋጀንላት እየጎረሰች ተናኜንም ታጎርሳት ነበር። ትናንት እንደገና ትንሽ ሄድ ብሎባት ነበር። መጥታ ነገረችኝ፣ ቁጭ ብለን አሳለፍነው። ክንዷን ጠይቄያት ራሷ አሳየችኝ፤ አዲስ የለም።

በጥቅምት ወደ እርስዎ እመለሳለሁ ብላለች፣ ሥራዋን ወዳዋለች። ይሁን ብያለሁ።

ሌላም የምጽፍልዎት ነበር። ነገር ግን አባቷ በክረምት ያቆመውን አጥር አይታ ከጓሮ እየተከራከሩ ነው። «አባየ፣ ጠሟል!» ትለዋለች። «አልጠመመም!» ይላታል። «ና ከዚህ ቁምና እየው!» ድምፅዋ እስከ ቤት ይሰማል። እውነቷን ነው፣ ጠሟል፤ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ልውጣና ላግዛት።

እኅትዎ ባንቺአየሁ